በስጥ ቡና ላይ ያለፈ ጥላ

ሐሙስ

ነስሩን ለውትድርና አፈሱት። ከሐሙስ ገበያ፣ ጆንያ እንደተሸከመ። ጆንያውን ጎረቤት ይዞት መጣ፤ እሱ ግን የለም። የአከራዬ የአዴ ሀሊማ አንድ ልጅ ነው። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ለአፋሾቹ ይኼ ምናቸውም አይደለም።

አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው መጋዘን ውስጥ አጉረዋቸዋል። አዴ ሀሊማ እዚያ ድረስ ሄደው ዱላ ቀምሰው ተመለሱ። ማታ "አንቺ አውሮፕላን ታውቂያለሽ፤ ወዴት ነው የሚወስዱብኝ?" አሉኝ።

አውቃለሁ። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ቀበሌው ሰማይ ጠባቂ አድርጎኝ፣ የአውሮፕላን ጥቁር ጥላ የተሳለበት ወረቀት እያሳዩ አስተምረውኛል። ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆነብኝ። ተማሪዎቼ "ቲቸር ራዳር" ይሉኛል።

ያልኳቸው ይኼን ነው፦ ባለ ሁለት ጭራው፣ ያ አሮጌው የአሜሪካ፣ አዲስ አበባ አጠገብ ወዳለው ማሠልጠኛ ይወስዳል። እዚያ ሐኪም አለ፤ ዓይኑን ካየ ይመልሰዋል። አራት ሞተር ያለው የሩሲያው ግን በቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ሜዳ። ምነው አፌን በቆረጠው።

ዓርብ

ሁለቱም መጡ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ባለ ሁለት ጭራው እያሳለ ሲነሳ ሰማሁት። በእረፍት ሰዓት ዳቦና የነስሩን ሹራብ ይዤ ሮጥኩ። መምህርት ስለሆንኩ አጥሩ ድረስ አስጠጉኝ። ዳቦውን ዘበኛው ተቀበለኝ፤ ያድርሰው ይብላው እንጃ። ሹራቡን እምቢ አለ።

የቆመው የሩሲያው ነው። የመስታወት አፍንጫ። ጫፉ ወደ ታች ያዘነበለ ክንፍ። ጭራው ሥር የተኳሽ መቀመጫ። ሆዱ ተከፍቶ ልጆቹን አንዱ የሌላውን ትከሻ እያስያዙ ያስገቧቸዋል። ፀሐይ ከኋላቸው ስለሆነች ፊት አይለይም፤ ጥቁር ቅርጽ ብቻ። አንዱ መወጣጫው ላይ ሲደርስ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዞረ። ግራውን ለማየት እንደዚያ የሚዞር ነስሩ ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ አዴ ሀሊማ ስጣቸው አጠገብ ቆመው ፊታቸው በርቷል። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጥላው እዚህ ቡናው ላይ አለፈ! መሀሉ ክፍት ነው፤ ፀሐይ ገባበት። ባለ ሁለት ጭራው አይደለም ወይ?"

"ነው" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ! ልጄ በሱ ነው የሄደው።"

ያየሁትን ሳልነግራቸው ክፍሌ ገባሁ። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ

ሰደቃ አወጡ። ላገኙት ጎረቤት ሁሉ "በባለ ሁለት ጭራው ነው የሄደው" ይላሉ። ሌሎች እናቶችም ስለ ልጆቻቸው ሊጠይቁኝ መጡ። ራሴን አሞኛል ብዬ በሬን ዘጋሁ።

አውሮፕላን እንደምለየው ነስሩን በሐሳቤ ደጋግሜ ለየሁት። ቁመቱ፣ የሱ። ትከሻው፣ ጆንያ ያጎበጠው፣ የሱ። አንገቱ፣ የሱ። ሌላ ሰው ቢሆንልኝ ብዬ ስንቴ ሞከርኩ። አልሆነም። ነገ እነግራቸዋለሁ።

እሁድ

ጉድ ፈላ። አዴ ሀሊማ ሄደው ማሠልጠኛው በር ላይ ሊቀመጡ ነው። ያልደረቀውን ቡና ማክሰኞ መጥቶ እንዲወስድ ከነጋዴ ጋር ተስማምተዋል፤ በማይረባ ዋጋ። ረቡዕ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ዘመድ የላቸውም። "ሐኪሙ ሲለቀው እኔ በሩ ላይ ካልጠበቅሁት ማን ይቀበለዋል?" ይላሉ። ስንቅ እየቋጠሩ ነው።

የኔ ዝምታ ሴትዮዋን ባዶ በር ላይ ሊጥላቸው ነው። ዛሬም አፌ አልተከፈተም። ነገ። ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።

ሰኞ

ተናገርኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡናውን ያገላብጡ ነበር። የሩሲያው በላያችን አለፈ። ጥላው ስጡን ድፍን አድርጎ አጠቆረው። "የዚህንስ ለማንም አያድርስ" አሉ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

"አዴ፣ ነስሩ የሄደው በዚህ ነው። አይቼዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

አልጮሁም። የሚያገላብጡበትን እንጨትም አልጣሉም። እንደያዙት "ፊቱን አየሽው?" አሉኝ።

"ፊቱን አላየሁም። ሊገባ ሲል አንገቱን ሲያዞር ነው ያወቅሁት።"

"ወዴት አዞረ?"

"ወደ ግራው።"

"በግራው በኩል ምን አለ?"

አስቤው አላውቅም ነበር። "የኛ ሰፈር" አልኩ። "ሰቶ ሰመሮ።"

አዴ ሀሊማ ቀና ብለው ጣራቸውን፣ አጥራቸውን፣ ስጡን አዩ። "ቤቱን እያየ ነው የሄደው" አሉ።

"አዎ" አልኩ። ይኼኛው ውሸት አይደለም። የዞረው ወደዚህ ነው።

አዴ ሀሊማ የረቡዕን ጉዞ ትተው፣ ነጋዴው ነገ እንዳይመጣ መልእክት ላኩበት። ቡናው ገና አልደረቀም።