የባቡር ፍርፋሪ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩፣ ሻርጃ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ሰናይት ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ዛሬ ሹግሏ ጋ፣ ወደብ ላይ ወዳለው የሥራ ቦታዋ፣ ወስዳኝ ከመርከብ የወረደ ኮንቴይነር ሳይከፈት ባቡር ላይ ሲጫን አየሁ። መድረሻው ላይ ደግሞ መኪና ይቀበለዋል አለችኝ። አንዱ ሌላውን አልናቀም።

እኔ የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ የነዳሁ፣ እንደኔ ያለ ሹፌር አልነበረም የሚባልልኝ ሰው ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ድሬዳዋ ላይ፣ "ጋሼ፣ ባቡሩ ያመጣውን ጭነት አንተ ሐረር አድርስልኝ፤ አብረን እንሥራ" አለኝ።

"የባቡር ፍርፋሪ አልለቅምም" አልኩት፣ በባልደረቦቹ ፊት። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠም።

ሰናይት ደውልለት ትላለች። ታላቅ ቀድሞ አይደውልም እያልኩ ነው ያረጀሁት።

እስቲ ልጄ፣ እሱ ያለኝን መልሰሽ አንብቢልኝ። የእኔን መልስ እለፊው።