ሥራ ፈት የነበሩት ፒኖች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ «ወይኔ» ያሰኝሻል? አባባ እንዴት ናቸው? እማዬስ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ዛሬ ደስታዬን ብቻዬን መቻል ቢያቅተኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

እንደምታውቂው የምሠራው ጫጩት የሚፈለፈልበት ቤት ነው። ቁም ሣጥን የሚያክል መፈልፈያ አለን፤ ሙቀቱን የምናየው ጥግ ላይ ባለች አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ሁለቱን የምታገናኛቸው አውራ ጣት የምታክል የዩኤስቢ መቀየሪያ ናት፤ መለኪያው የሚለውን ለኮምፒዩተሯ ታደርሳለች። ማሞቂያውንና ማራገቢያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ግን ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነበር። እሱ እንቁላሉ ከገባ በኋላ ተቃጠለና አረፈው! ምትኩ ቶሎ አይመጣም ተባልን፤ እንቁላል ደግሞ ታገሥ ቢሉት አይሰማም። እኔና አሠሪዬ በየተራ ማብሪያ ማጥፊያውን በእጃችን እየነካን እንደ በሽተኛ ስናስታምመው ሰነበትን። አሠሪዬን ሠራተኛው ሁሉ «ኮስታራው» ነው የሚላቸው፤ ጥርሳቸውን ያየ የለማ።

አንድ ቀን መቀየሪያዋን ገልበጥ አድርጌ ሳያት ምንም ያልተያያዘባቸው አራት ፒኖች፣ ሽቦ የሚታሰርባቸው ቀጫጭን እግሮች፣ አየሁ። መመሪያዋን ባነበው፣ ለፈለጋችሁት አገልግሎት አውሏቸው፣ አብሩባቸው፣ አጥፉባቸው ይላል። ለካ ሀብታችን ቤት ተቀምጦ ኖሯል እኛ ከደጅ የምንለምነው! ችግሩ ድራይቨሩ ነበር። ድራይቨር ማለት ኮምፒዩተር አንድን ዕቃ ማዘዝ የሚችልበት ፕሮግራም ነው፤ እማዬ ሾፌር ሆነች ብላ ለጎረቤት እንዳታወራብኝ አደራሽን። የዚች መቀየሪያ ድራይቨር መልእክት ማመላለስ እንጂ ፒን የሚባል ነገር አያውቅም። ላስተምረው ተነሳሁ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ፒኗ አቅም ስለሌላት ትልቁን ኤሌክትሪክ የምታበራና የምታጠፋላት ሬሌ በመሃል አስገባልኝ። እኔም ኮዱን ጻፍኩና ሞከርኩት። ማራገቢያው ሲዞር ከደስታ ብዛት እልል አልኩ፤ እልልታዬን ሳልጨርስ የሙቀት መለኪያው ድምጹን አጠፋ። ብል ብሠራው እምቢ አለኝ። ጨነቀኝና ሥራዬን ድራይቨሩን በኃላፊነት ለሚጠብቀው፣ በዓይኔ አይቼው ለማላውቀው ሰው በኢንተርኔት ላክሁለት። «የሰው ወንበር ላይ ሳትጠይቂ ተቀምጠሻል» ብሎ መለሰልኝ። ፒኖቹ ሁሉ ነፃ አይደሉም፤ ለአንዳንዱ ሌላ ሥራ ተሰጥቶት ይሆናል፤ ድራይቨሩ በቅድሚያ ቺፑን፣ የመቀየሪያዋን አንጎል፣ ይጠይቅና ነፃ የሆኑትን ብቻ ይያዝ አለኝ።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ ደሜ ፈላ። ግቢውን ዞር ዞር ብዬ ስመለስ ግን ሰውየው ልክ ነው። አንዷ ፒን ለካ ከውጭ ሽቦ ባይታይባትም በውስጥ በኩል የመለኪያውን መልእክት መንገድ የምትከፍትና የምትዘጋ ናት፤ እኔ እሷን ነጥቄ ነው አፉን የዘጋሁት። ድራይቨሩን ጠይቆ እንዲገባ አድርጌ አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲያ መለኪያውም ያወራል፣ ማሞቂያውና ማራገቢያውም በሰዓታቸው ይነሳሉ፣ በሰዓታቸው ይተኛሉ። ኮስታራው ገብተው ማራገቢያው ብድግ ሲል «ማን ነካው?» አሉ። «ማንም» አልኳቸው። «እንግዲያው ለዚህ ማንም ለምትዪው ሰው ደመወዝ ይጨመርለት» ብለው ወጡ።

ትናንት ጠዋት በሩን ስከፍት ቤቱ በጫጩት ጩኸት ሊፈርስ ደርሷል! ቅርፊቱን እየሰበረ የማይወጣ የለም። ኮስታራው አንዷን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ሳቁ፤ ፍንጭት ናቸው እኮ፣ እታለም! እንዲህ ያለ ውበት ደብቀው ነው የኖሩት።

ሥራዬም ተቀባይነት አግኝቶ በየአገሩ ሰው ሁሉ ከሚጠቀምበት ከዋናው ድራይቨር ጋር ተቀላቅሏል፤ ስሜም አብሮ ሰፍሯል። የማላውቀው አገር ያለ አንድ አትክልተኛ ለችግኞቹ ውሃ የሚከፍተው በዚሁ መሆኑን ጽፎልኛል፤ ደጋግሜ አነበብኩት። ኮስታራው ደግሞ «ማሽኑ ራሱን ይጠብቃል፤ አንቺ ሂጂና እናትሽን እይ» አሉኝ። እናም በሚቀጥለው ወር መጣሁላችሁ!

ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን እንደምን ሰነበትክ በይው። መንትዮቹን እየተሻሙ እንዳይጣሉ እኩል አቅፈሽ ሳሚልኝ። አክስቴንም ሰላም በይልኝ። በሉ እንግዲህ፣ አልጋዬ ላይ የከመራችሁትን ልብስ አንሱልኝ።

የምትወድሽ ታናሽሽ
ከመፈልፈያው ቤት፣ ጫጩቶቹ እየጮሁ
ግንቦት ፲፬ ቀን