ሙሽሮች ሃያ ሁለት፣ ሽማግሌዎች ስድሳ አንድ

ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ

ለክቡር አቶ ጥጋቡ
የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ «የሙሽሮች ጓዳ» የተሰኘው የቴሌግራም መድረክ መሥራችና የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ለራስዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎና ከእጅዎ ለማይለየው ስልክዎ ሙሉ ጤንነትን እየተመኘሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ባለፈው ጥር ሰርጓን የቀረጹላት፣ ጭፈራው ሲደምቅ ካሜራዎ ወደ ሥጋው ትሪ ስለዞረ ፊቷ በግማሽ የወጣላት መምህርት ቤቲ ነኝ። ይህን ማንሣቴ እንዲያስታውሱኝ ብቻ ነው።

መድረኩን የከፈቱ ዕለት ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት ያለን አዲስ ተጋቢዎች ብቻችንን፣ ሳንተፋፈር የምንመካከርበት ቦታ እንደሚሆን ቃል ገብተውልን ነበር። እኛም አሥራ አንድ ጥንድ፣ ሃያ ሁለት ሰው ሆነን ደስ እያለን ገባን። ስለዚህ መልካም ሐሳብዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ አራት ቀን ሙሉ ቆይቶልናል። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ግን ጥቂት ነጥቦችን በቁጥር ላስቀምጥ ይፈቀድልኝ።

1. በአምስተኛው ቀን፣ ሙሽሮች ያለ ሽማግሌ መሰብሰባቸው ነውር መሆኑ ታየዎትና ማንንም ሳያማክሩ ለየጥንዱ ሽማግሌዎችን፣ የንስሐ አባትንና አማቶችን ጨመሩልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽሮች ሃያ ሁለት፣ ሽማግሌዎች ከነአማቶቹ ስድሳ አንድ ሆነን አብረን እንኖራለን። ጓዳ ብለው የሰጡንን አዳራሽ ስላደረጉልን፣ ስፋቱን እናደንቃለን።

2. ሁሉም አባል የንስሐ አባቱን ስም ባዘጋጁት ቅጽ ላይ እንዲሞላ አዘዙ። ወገዳ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚነግዱት ኑሪያና ባለቤቷ መሕቡብ ሙስሊሞች ስለሆኑ ቦታውን ባዶ ቢተዉት፣ ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጻፉላቸው። መሕቡብ ሰው ማስቀየም የማይወድ ልጅ ነውና በመጨረሻ የእርስዎን ስም ሞልቶ ተገላግሏል። ስለ ሹመትዎ እንኳን ደስ አለዎት።

3. ሦስተኛው የእኔው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ክረምት ክረምት ደብረ ታቦር ሄጄ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ እንዳሳድግ ዘንድሮ ተራ ደርሶኛል። ምዝገባው ሰኔ 7 ያበቃል፤ ካመለጠኝ ተራው እስኪመለስ ሦስት ዓመት መጠበቄ ነው። ባለቤቴ እንድርያስ ገና ሳልጨርስለት ተስማምቷል። የቀረኝ ለአማቴ ለወይዘሮ አሰለፈች መንገር ብቻ ነበር፤ ባገራችን ሙሽራ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወር ከቤቷ ወጥታ ስትከርም ሰው ምን እንደሚል እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ በአራተኛው ቀን፣ ገና ሙሽሮች ብቻ ሳለን፣ «ለአማቴ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?» ብዬ እኩዮቼን ጠየቅሁ።

በማግስቱ እርስዎ ያስገቧቸው ስድሳ አንድ ሰዎች በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የተቀበላቸው ይኸው ጥያቄዬ ነበር። አማቴም ስልክ ማንበብ በሚችል ጎረቤት አፍ ሰሙት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እርስዎ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። እንድርያስ ለወጥ ሽንኩርት እየከተፈ ስለነበር ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እርስዎም ይህን አይተው ትዳሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ወዲያው ተረዱ። እንዳልተጣላን ሲነግርዎት ደግሞ ጠቡ የከፋ ስለሆነ ነው የሚደብቀው አሉ። በመጨረሻም ትምህርቱ ለከርሞ እንዲቆይ፣ እኔም የቤት ጉዳይ አደባባይ በማውጣቴ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ አማቴን ይቅርታ እንድጠይቅ ፈረዱ። ጥፋቱ የተፈጸመው በቴሌግራም ነውና ይቅርታውም በዚያው መሆን አለበት ብለው፣ ድንጋዩን አማቴ ፊት በትከሻዬ አስይዘው ራስዎ ፎቶ አነሡኝ። ብርሃኑ አላማረዎትም፤ ሦስት ጊዜ አሸከሙኝ። ፎቶውን ሲለጥፉት ከሥሩ ሃምሳ ሰው «አሜን» ብሎ ጻፈ። በዚህኛው ፎቶ ፊቴ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ስለ ሙያዎ መሻሻል አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። አፍሬአለሁ፤ ተናድጃለሁም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ የተማሪዎቼ ወላጆች ፎቶውን አይተውት ነበር፤ ጀርባዬን ወደ ልጆቹ አዙሬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ብዙ ጻፍሁ።

ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ሁሉ ሽምግልና ውስጥ አማቴን የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ብትነግሪኝ ኖሮ ስንቅሽን አዘጋጅቼ እሸኝሽ ነበር። አሁን ስድሳ ሰው ፊት ከለከለች ተባልሁ። እኔ መቼ ከለከልሁ?»

ከማክሰኞ ጀምሮ ለበሶ የሚሆነኝን ገብስ እየቆሉ ነው። የጉባኤዎን ውሳኔ ባስታውሳቸው፣ አቶ ጥጋቡ የማን አማት እንደሆኑ ጠየቁኝ። ዓርብ ለመመዝገብ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ፤ መናኸሪያ ድረስ የሚሸኙኝም እሳቸው ናቸው።

4. ሃያ ሁለታችንም ከትናንት ጀምሮ ሌላ ጓዳ ከፍተን ገብተናል። ሊቀ መንበር የለውም፤ ኑሪያ በሩን ትጠብቃለች፣ ሰው ስታስገባም የሰርጉን ቀን ትጠይቃለች። የቀድሞውን ከነሽማግሌዎቹ ለእርስዎ ትተንልዎታል፤ በውስጡ የሚያስታርቁት ባያገኙ እርስ በርሳችሁ ጥቂት ብትጣሉ ሥራ አትፈቱም።

የተጋቢዎችን ሰላም ለመጠበቅ ሰላማቸውን ለሚነሡ ትጉህ እጆችዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ እየገለጽሁ፣ ካሜራዎም ወደፊት ከሥጋው ትሪ እንዳይለይ እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሙሽራዋ መምህርት ቤቲ

ማስታወሻ፦ ፎቶው ላይ ያለችውን ድንጋይ ዛሬ ጠዋት እንድርያስ ተሸክሞ ስቱዲዮዎ በር ላይ አስቀምጧታል። አማቴ መጠኗን አይተው ለእርስዎ ትቀልላለች ስላሉ፣ የምትበልጠዋን መርጠው አጠገቧ አስደርበዋል። እሳቸው ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ናቸው፤ ሽማግሌ ይዘው መምጣት አያስፈልግዎትም። ፎቶውን እኔ አነሣለሁ፤ ብርሃኑ እስኪያምር ድረስ አልቸኩልም።