ጢዝ የሚለው ድምፅ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ሁላችንም በየሥራችን አለን፤ እኔም ከመርፌና ከክር አልወጣሁም።

የማማክርህ ነገር አለኝ። ዘፈኖቼን የምቀዳበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አዲስ ማሻሻያ ወጥቶለታል። ለማሻሻያው ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ከክረምቱ ወዲህ የምቀዳው ሁሉ ከሥሩ ጢዝ ይላል። አዲሱ እንዲህ ያለውን ድምፅ ያጠራል አሉ።

ከመክፈሌ በፊት ግን ኮምፒውተሬን ይዤ ሰፈራችን ያለው ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከክረምቱ ወዲህ የቀዳኋቸውን ሦስት ዘፈኖች ሰማ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ምኑ ይጽዳ?» አለኝ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚናገር ሁለቴ አስደገምኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋልኝ። ጢዝታው ግን መንገዱን ሁሉ አብሮኝ መጥቶ ቤት ገባ።

ባለቤቴ ሰሞኑን «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ያስጮህሻል? ገበያ መሰለሽ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ስለዚህ ማጥሪያውን ተውኩት። ዋጋው ከእሱ የሚወደድ ሌላ ማሻሻያ አለ፤ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ በቀለም እየሳለ ያሳያል። ጠጋኙ በዓይን ብቻ እያዩ መሥራት ይቻላል ብሎኛል። ዘፈን እንደ ጨርቅ በዓይን ሲለካ ምን እንደሚመስል እንጃ። የጀመርኳቸው ሌሎች አራት ዘፈኖች ግን አሉ፤ ለዚያኛው ልክፈል የምልህ በጊዜ ብጨርሳቸው ብዬ ነው።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሁላችሁንም ጤና አይንሳችሁ። የምትመክረኝን ግን እንደ ልማድህ ስልክ ደውለህ አትንገረኝ። እባክህ ጻፍልኝ።

እህትህ