ፎቶግራፍ ለከበደው ማኅበር

ለክቡር ኦቦ ሆርዶፋ
የሦስት ወንዝ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
አምቦ

የሟች ባለቤቴን ብቸኛ ፎቶግራፍ አጥፍታችኋል። ይህን አስቀድሜ ከተናገርኩ በኋላ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለው የማኅበሩ ኮምፒውተር በክቡርነትዎ ላይ አንዳች ጉዳት እንዳላደረሰም ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

ሸዋገነት ካሜራ አትወድም ነበር። በሠርጋችን ቀን እንኳ በነጠላዋ ተሸፍና አምልጣለች። ለአባልነት ፎቶ ግድ ስለሆነ ግን እናንተ ዘንድ ተነሣች። የምታነሣት ልጅ፣ «እማማ፣ ባለቤትዎን ያስቡና ፈገግ ይበሉ» ብትላት ሳታስበው መሳቋን ቤት ገብታ ነገረችኝ። ፎቶውን እኔ አላየሁትም። ባለፈው ክረምት ስትሞትብኝ ላሳትመው ወደ እናንተ መጣሁ።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባካፕ የምትሉት መጠባበቂያ ቅጂ ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ባለሙያችሁ ወይዘሪት ሃዋኒ በትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ ከጊንጪ እስከ ባኮ ያለው አባል ሁሉ በአንድ ትልቅ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ስሙ በአንድ ሰንጠረዥ፣ ፎቶው በሌላ ሰንጠረዥ ተቀምጦ፣ ሁለቱ በአባል ቁጥር ይያያዛሉ። ሁሉንም መቅዳት ረጅም ሰዓት ወስዶ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰልፍ ስለሚያስረዝም፣ የተከበረው ኮሚቴ ቀለል ያለ ዘዴ መረጠ፤ ፎቶዎቹ ስለሚከብዱ ይቅሩ፣ ሌላው ይቀዳ። ሁላችሁም እጅ አወጣችሁ። ወይዘሪት ሃዋኒም እንዳወጣች አልደበቀችኝም።

ሁለተኛ፣ ከባዱን ከቀላሉ ስለለያችሁልኝ። የሸዋገነት ስም፣ የትውልድ ዘመኗ፣ የእናቷ ስም ሳይቀር ተመልሷል። በፎቶው ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን አለ። ክቡርነትዎ፣ የሚስቴን እናት ስም እኔም አውቀው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛችሁ ባዶውን አይቶ፣ «አባባ፣ ችግር የለም፤ ይዘዋቸው ይምጡና እንደገና እናነሣቸዋለን» አለኝ። ጥቁር ለብሼ ነበር የቆምኩት።

መልኳን የረሳሁ እንዳይመስልዎ። ስትቆጣ፣ ስትታመም፣ ስትጸልይ የነበረውን ፊቷን አውቀዋለሁ። እኔ በሌለሁበት እኔን አስባ የሳቀችውን ግን አላውቀውም። የመጣሁት እሱን ለማየት ነበር።

ከፊትዎ ያለው ሥራ ሁሉ እንደዚያ ቀን ውሳኔ ቀላል እንዲሆንልዎ ከልቡ የሚመኝ፣ እስከ ትናንት ታማኝ አባልዎ የነበረው፣

አሻግሬ ጉዩ
አምቦ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ፎቶዎችንም ጨምሮ የሚቀዳና በሌላ ከተማ የሚቀመጥ አዲስ ባካፕ ልታስመርቁ እንደሆነ፣ በምረቃውም ላይ በተጎጂዎች ስም ንግግር እንዳደርግ የላካችሁት ጥሪ ደርሶኛል። ሪባኑን በደስታ ቁረጡ። እኔ አልመጣም፤ ስለዚህ ነገርም ከዛሬ በኋላ ለእናንተም፣ ለልጆቼም፣ ለማንም አንዲት ቃል አልናገርም።