በመካከላችን የተቀመጠው ሰው

ቅዳሜ፣ አዋሽ

ሳቁ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ።

ፊልሙን ያመጣው መምህር ጌታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን እኛ ምግብ ቤት ይበላል። ፍላሹን ለኢብራሂም ሰጥቶ፣ ወጣቶች የሠሩት ነው፣ እብድ ነገር ነው፣ እስቲ ክፈተው አለው። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ማንንም አያስወጣም። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ቬንትሌተሩ ሥር ተኮልኩለው ነበር። ኢብራሂም ከፈተው።

ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ጠዋት መነጋገር ያቆማሉ። ለምን እንደሆነ ፊልሙ አይናገርም። ከዚያ አንድ ሰው ይቀጥራሉ። ሰውየው ኮትና ከረባት አድርጎ መካከላቸው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሚስት «ጨው አቀብለኝ በለው» ትላለች፤ ሰውየው ዞሮ «ጨው አቀብላት» ይላል። ለቅሶ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ሲተኙም መካከላቸው ይተኛል፣ ከረባቱን ሳይፈታ። እያደር ቃላቸውን ማሳመር ይጀምራል፤ እሷ ስትሳደብ እሱ አለስልሶ ያደርሰዋል። ከዚያ ይታመማል። አንዱ እግሩን ሲያጥብ አንዱ ሾርባ ያጎርሰዋል፤ እርስ በርስ ግን ቃል የለም። ይሞታል። አጥበው፣ ኮቱን አልብሰው፣ ከረባቱን አስረው ወንበሩ ላይ መልሰው ያስቀምጡታል። ሚስት ወደ ሬሳው ዞራ «ጨው አቀብለኝ በለው» ትላለች። ባል ይጠብቃል። አለቀ።

ሹፌሮቹ አልጋው ላይ ሲደርስ ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ። አንዱ፣ ለኔዋም እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝላት ብሎ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ የኮምቦልቻ ሹፌር ብቻ ሬሳው ሲቀመጥ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሰው እንዲህ አይደረግም፣ ሀራም ነው ብለው ተነሥተው ወጡ።

ከዚያ አንዱ ደንበኛችን እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። ባንኮኒው ጋ ኢብራሂምን አየው። ሳቁን ዋጠው። ጎኑ ያለውን በክርኑ ነካው። ሳቁ በየጠረጴዛው እንደዚህ ጠፋ። አዋሽ ላይ የማያውቅ የለም። እኔና ባሌ ኢብራሂም ከክረምት ወዲህ አንነጋገርም። ቃላችንን የምታመላልሰው ወጥ ሠሪያችን እትዬ አልማዝ ናት። ሩዝ አልቋል በይው። ነገ ስጋ ይመጣል በያት።

ኢብራሂም ሪሞቱን አንሥቶ ወደ ዜና ቀየረው።

እሑድ

እትዬ አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ሥራ መጣች። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ሽርጧን አሰረች። እኔ እንደ ልማዴ፣ ዘይቱ ለሁለት ቀን ነው የሚበቃው በይው አልኳት። አልተነቃነቀችም።

«ሂጂና ንገሪው» አለችኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ኢብራሂምን ከባንኮኒው ጠራችው። ሁለታችንንም አቁማ ተናገረች። ሌሊቱን ስታስብ ማደሯን፣ ያ ሰውዬ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ራሷን እንዳየች ተናገረች። የእኛን ስድብ ስታለሰልስ ከርማ ማታ ቤቷ ስትገባ ለገዛ ልጇ የምትለው ቃል እንደሚያልቅባት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እነሱስ ከሞተ በኋላ ነው ያስቀመጡት» አለች። «እናንተ እኔን በቁሜ ነው ያስቀመጣችሁኝ። ከዛሬ ጀምሮ ወጥ እሠራለሁ እንጂ ቃል አላመላልስም።»

ኢብራሂም አንገቱን ደፋ። እኔም። ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ነው የከፋኝ።

ሰኞ

ቀኑ እንዲህ ዋለ። ስጋ ሁለታችንም አዘን ሁለት ፍየል መጣ። ፓስታ ያዘዘው ሰው ፉል ደረሰው። ዘይቱ አለቀ። ኢብራሂም የወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ እንደ እንግዳ ይቆማል፣ ምን እንደፈለገ ሳይናገር ይመለሳል። እኔም ሁለቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከንፈሬ የሚያውቀውን ስም ማለት አቃተው።

ከሰዓት መምህር ጌታቸው ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ወላሂ እናንተን አስቤ አይደለም አለኝ፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን ሲጨንቀው እንደኛው ይምላል። ፊልሙ ስለ ትዳር አይደለም፣ ስለ አገር ነው ብሎ ብዙ አስረዳኝ። ሰውየው ምን እንደሆነ፣ ከረባቱ ምን እንደሆነ። በልቤ፣ የአገሩን አላውቅም፣ የአልጋውን ግን አውቀዋለሁ አልኩ። ሻይ ሰጠሁት።

ማታ ሰሃን እያጠብኩ ወደ ግድግዳው፣ ነገ ሰመራ እህቴ ጋ እሄዳለሁ አልኩ። ጮክ ብዬ። ከጀርባዬ ኢብራሂም ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

ማክሰኞ፣ መንገድ ላይና ሰመራ

ኢብራሂም ሻንጣዬን ከእኔ ቀድሞ አስፋልቱ ዳር አውጥቶታል። አውቶቡሱ ሲመጣ ረዳቱን ጠርቶ አስጫነው። ገብቼ በመስኮት ሳየው እጁን ኪሱ ከቶ የመኪናውን ጎማ ያያል። እስክንነሣ ጎማውን ብቻ ያያል።

ገዋኔን አለፍን። ሙቀት። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሕፃን ይዛለች። አንዴ ያዢልኝ ስትለኝ እጄ እንቢ አለኝ፤ ራሴን አሞኛል ብዬ ዋሸኋት።

እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም። ልጻፈው።

ኢክራም ልጃችን ነበረች። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ አላህ የሰጠን። በአምስት ወሯ፣ በዚያ ሐሩር፣ ትኩሳት ያዛት። ሐኪም ቤት አደረስናት፣ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉላት። ጠዋት ላይ እቅፌ ውስጥ አለፈች። ኢብራሂም ከወንድሙ ጋር ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ መኪናቸው ዲቾቶ ላይ ተበላሽቶ ነበር። ስልኩ አይሠራም። በኛ ደንብ ሬሳ አያድርም። የመስጊድ ሰዎች ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ወሰዷት። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ሴት ቀብር አትወጣም።

እሱ በማግስቱ ደረሰ። ቤቱ ሰው ሞልቷል። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። እንዴት ሆነች፣ አለቀሰች ወይ፣ የት ነው ያኖሯት፣ አንድ ነገር ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዞሮ ሄደ። ቆይቼ ስሰማ ምግብ ቤቱን ከፍቶ ባንኮኒው ጋ ቆሟል አሉኝ።

ያን ዕለት መጠበቅ ጀመርኩ። እሱም የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ዝም አለ። ከዚያ እትዬ አልማዝ በመካከላችን ገባች።

ሰመራ የደረስኩት ነፋሱ አቧራውን ሲያነሣ ነው። እህቴ ኸድጃ አቅፋኝ ቆየች። ምንም አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ፣ ሰመራ

ፊልሙ እዚህም ደርሷል! ኸድጃ የምትሠራበት ቢሮ ሰው ሁሉ በስልኩ ይዞታል። ስለ እትዬ አልማዝ ስነግራት፣ እስቲ አብረን እንየው አለች። እንቢ ልል ነበር። ግን እኔም ሳቅ በሌለበት ላየው ፈለግሁ።

ከሥራ መልስ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ጎረቤቷ ፋጡማም መጣች፤ የአፋር ሴት ናት፣ ሎግያ ገበያ ወተት የምታከፋፍል፣ ብዙ የወለደች፣ አንዳንዶቹንም የቀበረች። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ሲከብዳት ኸድጃ ትተረጉምላታለች።

ማንም አልሳቀም። ኸድጃ አልጋው ጋ ሲደርስ ፈገግ ብላ ወዲያው ተወችው። እሷ ባሏን ከፈታች ቆይታለች፤ እኛ እንኳ ሰው አልቀጠርንም፣ በር ነው የዘጋነው አለች። ፋጡማ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ እስከ መጨረሻው አየች። ሲያልቅ ጠየቀች።

«ማን ሞቶባቸው ነው?»

ኸድጃ፣ የሞተውማ ሰውየው ነው አለቻት።

«እሱ አይደለም። በፊት። ከመጀመሪያው በፊት። ሰው ካልሞተ ሰው እንደዚህ ዝም አይልም።»

ኸድጃ፣ ፊልሙ አይናገርም ስትላት ፋጡማ ራሷን ነቀነቀች። የሠራው ልጅ ያውቃል፣ ደብቆት ነው አለች። መምህር ጌታቸውን አሰብኩት። ያን ሁሉ ሲያስረዳኝ ይቺን አልነገረኝም።

ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ግን በሩ ጋ ተቀመጥኩ። «ኢክራም» አልኩ። «ኢክራም ትባላለች።» ካለፈች ወዲህ ስሟን በአፌ ያወጣሁት ያኔ ነው። ከዚያ መቆም አቃተኝ። ትኩሳቱን፣ ጠዋቱን፣ ወስደዋት ሲወጡ የበሩን ድምፅ፣ ሁሉንም። ኸድጃ አለቀሰች። ፋጡማ አላለቀሰችም፤ እጄን ይዛ በቋንቋዋ ረጅም ዱዓ አደረገች። ከመካከሉ የለየሁት የልጄን ስም ብቻ ነው። ደጋግማ ጠራችው።

ከዚያ በኋላ ተኛሁ። ብዙ ተኛሁ፣ አልሀምዱሊላህ።

ሐሙስ

ስልክ ጮኸ። ኢብራሂም። ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲበራ እትዬ አልማዝ አንድ ነገር ሆነች ብዬ ደነገጥኩ። አነሣሁት። የቬንትሌተሩ ድምፅ ይሰማል። ሌላ ምንም። ልዘጋው ስል፣

«ሰዓዳ።»

«አቤት።»

ትናንት ሰው ከወጣ በኋላ ያን ፊልም ለብቻው ደግሞ እንዳየው ነገረኝ። ሰውየውን ለምን አይቀብሩትም ብሎ መናደዱን፣ በንዴት ቴሌቪዥኑን ማጥፋቱን፣ መልሶ መክፈቱን። ቃላቱ እየተደናቀፉ ነው የሚወጡት። ከዚያ ቆመ።

«ቀብሯን አላውቀውም» አለኝ። «አንቺ ታሳዪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»



«እኔም አላውቀውም» አልኩት። «ሴት መች ቀብር ትወጣለች? አንተ ጠይቀህ ሄደህ፣ ለኔ ሳትነግረኝ የቀረህ ነበር የመሰለኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር።

«ከዲቾቶ ስመጣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የማለቅስበት ቦታ አጣሁ። ባንኮኒው ጋ የሄድኩት ለዚያ ነው። ማንም አልነበረም እዚያ።»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ነገ እመጣለሁ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ስዘጋ ኸድጃ ልብሴን ማጣጠፍ ጀምራለች። ፋጡማን ልሰናበት ብሄድ ገበያ ወጥታለች።

ዓርብ፣ አዋሽ

በጠዋት ተነሥቼ ጁምዓ ከተሰገደ ቆይቶ ደረስኩ። ኢብራሂም አስፋልቱ ዳር ይጠብቀኛል፤ አጠገቡ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሼህ ኑሩ ቆመዋል። ኢክራምን በእጃቸው ተቀብለው ያኖሯት እሳቸው ናቸው። ኢብራሂም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቃቸው ትናንት ነው። ሲጠይቃቸው፣ ልጄ፣ ታውቀዋለህ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩህ አሉት አሉ።

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ግራሮቹ ካሉበት ወዲህ ነው። እኔ አጥሩ ውጪ ቆምኩ። ሼህ ኑሩ ግቢ አላሉኝም፣ አትግቢም አላሉኝም። ራሴ እዚያ መቆሙን መረጥኩ። እዚያ ቆሜም ሁሉም ይታየኛል።

ሼሁ በቀስታ ሄዱ። ቆሙ። ተመለሱ። ጎንበስ ብለው አዩ። ነፋሱ አፈሩን ሁሉ አስተካክሎታል። በመጨረሻ ትንንሽ ሁለት ጉብታዎች ጋ ቆሙ። ሲናገሩ እኔም ጋ ደረሰ።

«ከነዚህ ከሁለቱ አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አላህ ያውቃል። ዓይኔም ደከመ፣ አፈሩም ተለወጠ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ኢብራሂም አንዷ ጋ ቁጢጥ ብሎ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ተነሥቶ ሌላዋ ጋ ተቀመጠ፤ ያንኑ ያህል ቆየ። ከዚያ ድንጋይ ፍለጋ ዞረ፣ ለሁለቱም በራስጌያቸው አቆመላቸው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከአጥሩ ውጪ አየሁት። ያገባሁት ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ወደ እኔ መጣ። እጁ አፈር ነው።

«ለሁለቱም ድንጋይ አደረግሁላቸው።»

«ደግ አደረግህ።»

«አንደኛዋ የሌላ ሰው ልጅ ናት እኮ።»

«ዱዓ አይጎዳትም» አልኩት።

ሼህ ኑሩ ቀድመው ሄዱ። እኛ በዝግታ ተከተልን። መንገድ ላይ፣ ያን ዕለት ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቀኝ። ቢጫዋን አልኩት። የትኛዋን ቢጫ አለኝ። ነገርኩት።

ቅዳሜ

ማለዳ ሥራ ሳይጀመር ኢብራሂም ወጥ ቤት ገብቶ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ማንም ሳይጠይቀው የዲቾቶውን ያወራ ጀመር። የሞቷን ወሬ እንዴት እንደሰማ። ወንድሙን ከመኪናው ጋር ትቶ አስፋልት ላይ እጁን እያወዛወዘ እንደቆመ። አንድ ተሳቢ መኪና እንዳሳፈረው። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቶ ሲሄድ፣ ዝጋው ለማለት ምክንያቱን መናገር ስላለበት ዘፈኑን እንደሰማ። ሚሌ ላይ ሹፌሩ እንቅልፍ አሸንፎት እንደቆመ፣ እሱም ከመኪናው ወርዶ መንገዱ ላይ ሲመላለስ እንደነጋበት።

እትዬ አልማዝ ጀርባዋን ሰጥታ ትከትፋለች። አልዞረችም፤ ቢላዋው ግን ቆሟል።

ከዚያ ደንበኞች ገቡ፣ ከፊት ተጠራ። ተነሣ፣ ዱቄቱን ከሱሪው አራገፈ፣ ሄደ። ወሬው ሚሌ ላይ ቀረ።

ይህን የምጽፈው ከምሳ በፊት ባለችው ትርፍ ጊዜ ነው። ሰላም ሆነ አልልም። ጠዋት አጠገቤ ሲያልፍ ሁለታችንም እንደ እንግዳ መንገድ ተለቃቀቅን። ሲያወራም ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር። ግን ከሚሌ እስከ አዋሽ ገና ብዙ መንገድ አለው። እጠብቀዋለሁ።