የኩርት ግጭቶች

ለውድ ልጄ ለካሪን፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ባልሽ ዴልስ ከባሕር በደህና ተመለሰ? ትንሿ ኢንጋ ጥርሷ ወጣላት ወይስ አሁንም እያስለቀሳት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባትሽም ከብቶቹን ያያል፤ ያቀረብኩለትን ይበላል፤ ብዙ አይናገርም። እጄ እንደምታውቂው ዘገምተኛ ስለሆነ ይህን የምጽፍልሽ እያረፍኩ ነው።

በስልክ «እማዬ፣ የወንድሜን ሳንቲሞች ሽጪያቸው፤ ክፍሉን መቃብር አታድርጊው» ስትዪኝ ወሬውን ወደ ኢንጋ ያዞርኩት ተቀይሜሽ አይደለም። ገና ስላልቆረጥኩ ነው። አሁን ግን ቆርጫለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድምሽ ኩርት ይሄድበት ከነበረው የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ሽማግሌው ኦርቪል መጣ። በራፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ «ማርሊስ፣ ስለ ኩርት ግጭቶች ልጠይቅሽ ነበር፤ ደህና ናቸው?» አለኝ። ልጄ በዚያ በረዶ ላይ በመኪና ግጭት ሞቶ ገና እንባዬ ሳይደርቅ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። አባትሽ ብቅ ብሎ በሩን ማን ላይ እንደዘጋሁ ጠየቀኝና ነገርኩት። ሳቀ። ካሪን፣ አባትሽ ሳቀ! ከቀብሩ ወዲህ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። «አንቺ ሴትዮ፣ እነሱ እኮ የሳንቲሙን ስህተት ነው ግጭት የሚሉት!» ብሎ በካልሲው በረዶው ላይ እየሮጠ ኦርቪልን ከመኪናው መለሰው። ኦርቪልም «እኔ ደግሞ ግብር ሰብሳቢ መስያት ነው ብዬ ነበር» እያለ ገባ።

ኬክ ቆርሼለት እየበላ አስረዳኝ። ሳንቲም የሚታተመው በሁለት ብረቶች መካከል ነው፤ አንዱ ሳንቲሙ ላይ የሚታየውን ሰውዬ ፊት፣ ሌላው በጀርባው ያለውን ንስር ይይዛል። በመካከላቸው የሚታተመው ነገር ሳይገባ ከቀረ ብረቶቹ እርስ በርሳቸው ይጋጩና አንዱ የሌላውን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚታተመው ሳንቲም ሁሉ ያንን ጠባሳ ይዞ ይወጣል። በኩርት ግማሽ ዶላሮች ላይ የንስሩ ክንፍ ሰውየው አፍ ላይ አርፎ የጥንቸል ጥርስ አብቅሎለታል። ኦርቪል «ያንተ ልጅ 'ካንተ ጥርስ የእሱ ይሻላል' እያለ ሲሰድበኝ ነው የኖረው» ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ለአባትሽ አሳየው።

ኩርት ከአንድ ማተሚያ የወጡትን በመደዳ ደርድሯቸዋል። መጀመሪያ ላይ ጥርሱ ጎልቶ ይታያል፤ ሠራተኞቹ ብረቱን እየወለወሉት ሲሄዱ ግን እየደበዘዘ ይመጣል። የመደዳው መጨረሻ ባዶ ነው። ኩርት ለዚያ ቦታ የሚፈልገው ምልክቱ ጨርሶ የጠፋበትን ሳንቲም ነበር። ያ ሳንቲም ደግሞ ያለው ኦርቪል ዘንድ ነው፤ ኩርት ቢለምነው ቢለምነው ከልክሎታል። ያን ቀን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና «ይኸው፤ የሚለምነኝ ነገር ካጣ እኔ ቤት መምጣቱን ይተዋል ብዬ ነበር የከለከልኩት» አለ።

በኩርት ማጉያ መነጽር አየሁት። የሰውየው አፍ ንጹሕ ነው፤ አንዳች ነገር የደረሰበት አይመስልም። አንሥቼ መዳፉ ላይ መለስኩለትና «አንተው ዘንድ ይሁን፤ ይህን አልፈልገውም» አልኩት። የተከፋ መሰለኝ። አባትሽ ግን ገባው፤ «ተዋት፣ ኦርቪል» አለው።

እና ልጄ፣ ሌሎቹን ሳንቲሞች ማኅበሩ ይውሰዳቸው። ክፍሉንም አጽድቼ ለኢንጋ አልጋ አነጥፍበታለሁ፤ በበጋ አምጪልኝ። ያ መደዳ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም። መጨረሻው ላይ ያለውም ቦታ ባዶውን ይቆያል። ጠባሳው ይደብዝዝ፣ ግድ የለም፤ እንዲጠፋ ግን እኔ በእጄ አላደርግም።

አባትሽ ናፍቆቱን ልኮልሻል። ዴልን ባሕሩ ላይ ተጠንቀቅ ብላሃለች በይልኝ፤ አማትሽን ወይዘሮ ሩትንም ሰላም በይልኝ፤ የኢንጋን ድዷን በጣትሽ አሺላት፣ ጉንጯንም ሳሚልኝ።

እናትሽ ማርሊስ
ዴኮራ፣ አዮዋ
ማርች 3 ቀን 1994